አፉን ያልፈታው የ2 ዓመት ልጅ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንዱ ልጄ 2 ዓመት ከ1 ወር ሆኖታል። የሚላቸው ቃላት «እማ»፣ «አባ»፣ «እንካ»፣ «ቢሻን» (በኦሮምኛ ውሃ) እና ሌሎች ሁለት ሦስት ብቻ ናቸው። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፤ እጄን ጎትቶ ይወስደኛል። ስጠራው አንዳንዴ ዞር አይልም፤ የስልክ ድምፅ ከሰማ ግን ከየትም ይሮጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው የምገባው። ቀን ከሞግዚቷ ጋር ይውላል፤ የሚበላውም ስልክ እያየ ነው። ባለቤቴ «የሞግዚቷ ኦሮምኛ ነው ያምታታው» ይላል። አማቴ ደግሞ ምላሱ ታስሮ ነው፣ እንጥሉም ይቆረጥ ባይ ናቸው። እኔ እሱን ሳረግዝ ብዙ ስለተጨነቅሁ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አሁንም የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በዚሁ ጉዳይ ማታ ማታ እንጨቃጨቃለን።

መልስ፦ እህቴ፣ ከአስቸኳዩ ልጀምር። እንጥል ማስቆረጥ ከንግግር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ደም ያፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ ሕፃን ሊገድልም ይችላል። ምላሱ በእርግጥ የታሰረ ልጅም ቢሆን አንዳንድ ድምፆችን አጥርቶ ማውጣት ይቸግረው ይሆናል እንጂ በጣቱ ማመልከት አያቅተውም። አማትሽ ይህን የሚሉት ለልጁ አዝነው ነውና ክርክር አትግጠሚ፤ «ሐኪም ምላሱን ይይለት» ብለሽ አብረው እንዲሄዱ ለምኛቸው።

ኦሮምኛውም ጥፋት የለበትም። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር አያዘገይም፤ ቃላቱም የሚቆጠሩት ከሁለቱም ተደምረው ነው። ሞግዚቷ በማትችለው አማርኛ እንድታናግረው ብታስገድዷት ዝም ወደማለት ትሄዳለች፤ ያኔ ነው ልጁ የሚጎዳው።

ሆኖም ተደምረውም ቃላቱ ጥቂት ናቸው። በ2 ዓመታቸው አብዛኞቹ ልጆች 50 ያህል ቃላት ይኖሯቸዋል፤ «እማ ነይ» ብለው ሁለት ቃል ማገጣጠምም ይጀምራሉ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የጣቱ ነገር ነው። ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት፣ 1 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ባጃጅ ሲያልፍ ጣቱን ይቀስርና ወደ እናቱ ፊት ዞር ይላል፤ «አየሽልኝ?» ማለቱ ነው። ንግግር የሚበቅለው ከዚህ ነው። 2 ዓመት አልፎ ይህ ከሌለ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያሉ መጠበቅ አይገባም።

መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። የስልክ ድምፅ ሰምቶ መሮጡ ጆሮው ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ መስማቱ በከፊል የቀነሰ ልጅ አንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላው ያመልጠዋል። በጆሮው ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽም እንዲሁ ያደርጋል፣ ይህ ደግሞ ይታከማል። ቀጥሎ አጠቃላይ እድገቱ ይታይ፤ ኦቲዝም (ልጅ ከሰው ጋር መግባባት የሚቸግርበት የእድገት ሁኔታ) አለው ወይም የለውም የሚለው በደብዳቤ የሚወሰን አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሪፈር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

ስለ እርግዝናው ራስሽን አትውቀሺ። የዕለት ተዕለት ጭንቀት ልጅን ዲዳ አያደርግም። ከባድና ለወራት የዘለቀ ጭንቀት ግን ለእናትም ለጽንስም ጥሩ አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣቱና ሐዘኑ ከ2 ሳምንት ካለፈ ለእርግዝና ክትትል ነርሷ ንገሪያት። ለሆድሽ ልጅ አሁን የምታደርጊው አለ፦ የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒንሽን ሳታቋርጪ ውሰጂ፤ ቡናና ሻይ የብረቱን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንሱ ከክኒኑ ቢያንስ 1 ሰዓት አርቂያቸው። በ7 ወር ጽንስ ድምፅ ይሰማል፤ ሲወለድም የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ትልቁን ስታጫውቺ ትንሹም ይሰማል።

አሁን ወደ ስልኩ። ስልክ ኦቲዝም ያመጣል መባሉ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ስልክ ያወራል እንጂ መልስ አይጠብቅም። የሕፃን አእምሮ የሚገነባው በምልልስ ነው፤ እሱ ያይሻል፣ አንቺ ትመልሺለታለሽ፣ እሱ ደግሞ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን ባይኖር፣ በ2 ዓመት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ከምግብ ሰዓት ጀምራችሁ አንሱት። ለቀናት ያለቅሳል፣ ትንሽም ይበላል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ጩኸቱ ሲበረታ መስጠት። ያኔ የሚማረው አጥብቆ መጮህን ነው። ስለዚህ አንቺ፣ ባለቤትሽና ሞግዚቷ፣ አያትም ጭምር፣ ሳትስማሙ አትጀምሩት።

በስልኩ ፈንታ ይህን አድርጉ። እጅሽን ሲጎትት ወዲያው አትሂጂ። ፊትሽ ከፊቱ እኩል እንዲሆን ቁጭ በይ፤ ወተቱንና ዳቦውን ከፍ አድርገሽ «ወተት? ዳቦ?» በይው። ከዚያ በሆድሽ እስከ 10 እየቆጠርሽ ዝም በይ። ከባዱ ይህ ዝምታ ነው፤ ብዙ ወላጅ 2 ሳይቆጥር ራሱ ይመልሳል። ቢያይ፣ እጁን ቢዘረጋ፣ ድምፅ ቢያወጣ መልስ ነው፤ «ወተት!» ብለሽ ወዲያው ስጪው። «በል! ወተት በል!» እያሉ መከልከል ግን ልጁን ያሸሸዋል። አንድ ቃል ሲል አንድ ጨምሩበት፤ «ቢሻን» ሲል ሞግዚቷ «ቢሻን ዱጊ» ትበለው፣ አንቺ «ውሃ ጠጣ»። ማታ ስትገቢ እግሩን ስታጥቢና ልብሱን ስትቀይሪ ቴሌቪዥን ጠፍቶ 20 ደቂቃ እንዲህ ካሳለፋችሁ ብዙ ነው።

ምርመራውን ከመውለድሽ በፊት አስጀምሩት፤ አራስ ሆነሽ ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ መመላለስ ስለማይሆንልሽ ቀጠሮው በወራት ይገፋል። ከአሁኑ አባቱ ይዞት ይሂድ፤ ያኔ ስለ ልጁ የምትከራከሩት ሁለታችሁም በዓይናችሁ ባያችሁት ነገር ላይ ይሆናል። ሲጫወትና ስሙ ሲጠራ የሚያሳይ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ልጆች ሐኪም ፊት ሌላ ሰው ይሆናሉና። የሚላቸውን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ጻፉ፤ ቀድሞ ይለው የነበረና የተወው ቃል ካለ ከሁሉም በላይ እሱን አስምሩበት፤ ሐኪሙ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት እሱን ነው።