ቤተ ክርስቲያንና የገበሬው ጓዳ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በጎጃም ገጠር በቤተ ክርስቲያን በኩል ስለሚሠራው የእርዳታና የልማት ሥራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በዚሁ ሥራ ነው። ብዙ ጥያቄ መጥቷል፤ ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ጸሎት አይደለም ወይ? ልማት ውስጥ ምን አስገባት?

ዛሬ አልገባችም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ዋሸራና ጎንጅ ወደሚባሉት የቅኔ ቤቶች ቅኔ ሊቆጥር የመጣውን የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየሰጠ ያኖረው ያው ድኻ ገበሬ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ከወሰደ ወዲህ ግን የገጠር አጥቢያ ራሱ በምእመኑ መዋጮና ስእለት የሚኖር ሆኗል። ስለዚህ ከአጥቢያው ገንዘብ አትጠብቅ። ያለው ሀብት ሰው ነው፤ የንስሐ አባት የማይገባበት ቤት የለም። የግብርና ባለሙያው በር ላይ ቆሞ የሚመለስበት ቤት ካህኑ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል።

ከሰከላ፦ ማዳበሪያ ብንጨምርም ገብሱ ቀጭጮ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ዘር ብትሰጠን ይሻላል ወይስ ማዳበሪያ?

ከሁለቱም በፊት አፈሩን አስመርምሩ። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋ ዝናቡ ጠንካራ ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ ገለባውም ለከብትና ለማገዶ ስለሚሄድ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም። አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። የአሲዳማነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥሩን ያቀጭጨዋል፣ ፎስፈረሱን ደግሞ ይይዝበታል፤ በውድ የገዛችሁት ማዳበሪያ እዚያው ታስሮ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር እንደ አሲዳማነቱ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይፈልጋል። አህያ በአንድ ጊዜ የምትሸከመው ጥቂት ነው፤ መኪና ከሚቆምበት እስከ ማሳው ያለውን መንገድ አስቡት። እኔ ብጠየቅ የእርዳታ ፕሮጀክቱ ዘር ከሚያከፋፍል የኖራውን ማጓጓዣ ወጪ ቢችል፣ ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ለአቅመ ደካሞች የሚያደርስና የሚበትን ወንፈል (የጉልበት መረዳጃ) ቢያደራጅ እመርጣለሁ። ኖራው ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። በዘር ዕለት የተበተነ ኖራ ለዚያ ዓመት ብዙም አይጠቅም።

ከሞጣ፦ ከግጦሽ የተከለለው ተራራችን በግዝት ይጠበቅ ተባለ። ይጸናል?

ይጸናል፤ ከዘበኛ ይበልጥ ይጸናል። ዛሬ አገር በቀል ጽድና ወይራ በብዛት የምታዩት በደብርና በገዳም ቅጥር ውስጥ አይደለም እንዴ? የማልወደው ግን ግዝቱ ቀድሞ ሣሩ ሲረሳ ነው። ሁለት ፍየል ያላትን ባልቴት በግዝት አስፈራርቶ ከተራራው ማባረር ልማት አይባልም። መጀመሪያ ሣሩን ማን አጭዶ እንደሚወስድ ይወሰን፤ መሬትና በሬ የሌለው ይቅደም። ከዚያ በኋላ ካህናቱ ይገዝቱ።

ከብቸና፦ እኔ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። እናቶች በጾም ለሕፃን እንቁላል አንሰጥም ይላሉ። ምን ላድርግ?

እኅቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት እናቲቱ ታውቃለች፤ እሱን ብትደጋግሚላት ምንም አይለወጥም። ችግሩ ድስቱ ነው። ቤቱ ያለው አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ ነው፤ እንቁላል ከነካው የቤተሰቡ የጾም ወጥ ይገደፋል ብላ ትሰጋለች። እንቁላሉም ገበያ ይወርድና በጨውና በቡና ይለወጣል። እኛ ስብከቱን ቀንሰን ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት ከነማንኪያዋ እንሰጥ ነበር፤ የንስሐ አባቱም ቤት ድረስ ሄደው «ይህቺ የልጁ ናት፤ አትከልክሉት» ይሏቸዋል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናትም ፈቃዱን የሚሰጡ እሳቸው ናቸውና ቄሱን ሳትይዢ አትሂጂ።

ከደጀን፦ እርዳታው ለኦርቶዶክስ ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ መመዘኛው ችግር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተረጂዎች ስም ዝርዝር በሰንበቴ ሲወጣ የመጨረሻው ድኻ ይቀራል፤ ድግስ የሚያወጣበት ስለሌለው ሰንበቴም አይገባ፣ ማኅበርም አይጠጣ። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባሉት ቀበሌዎች ይህ ጎልቶ ይታያል። ዝርዝሩ ተነቦ ሲያልቅ «እዚህ ያልመጣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከጎንቻ፦ ተገንብቶ ቧንቧ የገባለት ምንጫችን ደረቀ፤ ቧንቧውም ተሰበረ። የሠራው ድርጅት ይመለስ ይሆን?

ተስፋ አታድርጉ። የቧንቧው ጉዳይ ቀላል ነው፤ በየወሩ ጥቂት ብር አዋጡና በውኃ ኮሚቴው ስም በባንክ አስቀምጡ። ከሰበካ ጉባኤው ሣጥን ጋር አትቀላቅሉት፤ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲያፈስ የውኃው ገንዘብ ለዚያ ይወጣና የሚጠየቅ ይጠፋል። የገንዘብ ያዥነቱን ለሴት ስጡ። ውኃ ሲቋረጥ ወንዝ የምትወርደው እሷ ናትና ችላ አትልም። ምንጩ ራሱ ከደረቀ ግን በላዩ ያለውን ባሕር ዛፍ ቁጠሩ፤ ከምንጭ ራስ ላይ ይነሣ፣ በምትኩ እርከንና ሣር ይግባ።

ከቡሬ፦ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ምን ይሠራል?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ መኪና የሚጠብቅ ሥራ ይቆማል፤ በእግር የሚደረሰው፣ በአገሬው ሰው እጅ ያለው ይንቀሳቀሳል። የዘር ድንች በመንደር ማባዛት አንዱ ነው። ለዘር የተመረጠውን ድንች ከእንጨትና ከሣር በሚሠራ፣ ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት ቆጥ ላይ ስስ አድርጎ መዘርጋት ነው፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ከሩቅ ዘር አይጠበቅም።

ከአዲስ አበባ፦ የአገራችን ልጆች ተሰባስበን ገንዘብ አዋጣን። ግማሹ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይታነጽ፣ ግማሹ ውኃ ይግባ ይላል። ተጣላን።

አትጣሉ፤ ሕንፃው መሠራቱ ካልቀረ ጣሪያውን ውኃ መያዣ አድርጉት። 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 200 ሊትር ነው፤ በክረምት ወር 300 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ብክነቱ ሳይቀነስ 60 ሺህ ሊትር ይሆናል። አሁን ያ ሁሉ ቅጥሩን እየሸረሸረ ነው የሚወርደው። መሐንዲሱ ንድፉን ሲያመጣ አሸንዳው፣ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውኃ ማስወገጃውና ክዳን ያለው ማጠራቀሚያው የት እንዳሉ ጠይቁት። ማጠራቀሚያው ቅጥሩ ዳር ይሁን፤ መቅጃው ወደ ውጭ ይዙር፣ ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት ይቅዳ።