መልስ፦ በቦነስ አይረስ የሰፈር ጥብስ ቤት ምን ይታዘዝ?

ሰላም። ለሥራ ቦነስ አይረስ ሲሄዱ በተራ የሰፈር ጥብስ ቤት፣ እዚያ ፓሪሻ በሚባለው፣ ምን ቢያዝዙ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ቱሪስት ከሚበዛበት ራቅ ብለው እንደ ቦኤዶና አልማግሮ ባሉ ሰፈሮች ይፈልጉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ግን አይቸኩሉ፤ የአገሩ ሰው እራት የሚበላው አምሽቶ ነው።

ሥጋው ከጨው በቀር ቅመም አይነካውም። ጠባሹ የጋለውን ፍም እየዛቀ ከብረት ርብራቡ ሥር በስሱ ይበትነዋል፤ አሳዶ ደ ቲራ የሚባለው ጎድን ስቡ ቀስ እያለ እየቀለጠ ይበስላል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ኤንትራኛን ነው፦ ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ የሚወጣ ቀጭን ሥጋ፣ ጠርዙ ከረር ብሎ መሐሉ ጭማቂውን የያዘ። በደንብ የበሰለ ከፈለጉ «ቢየን ኮሲዶ» ይበሉ። ማባያው ቺሚቹሪ ከፐርሰሊ፣ ከኦሬጋኖ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኮምጣጤና ከዘይት ይሠራል፤ እንደ አዋዜ ያቃጥላል ብለው ግን አይጠብቁ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሞርሲሻ ከደም የሚሠራ ቋሊማ ነው፤ ቾሪሶ የሚባለው ቋሊማም አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ፓሪሻዳ የተባለውን ድብልቅ ጥብስ ካዘዙ ሁለቱም አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ የማይበሉ ከሆነ አስቀድመው ያስወጡ። በጾም ቀን የሚተርፍዎት ሰላጣና ድንች ነው።

አንዱ ሳህን ብዙ ጊዜ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሂሳቡ ላይ ኩቢየርቶ የሚል ቢያዩ የዳቦና የገበታ ክፍያ ነው፤ ጉርሻው ለብቻው 10 በመቶ ያህል ይሰጣል።