«ነባር» ነን ወይስ «የቀድሞ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እንደምታውቁት ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ እኛም በየአቅጣጫው ተበታትነናል። እድራችን ግን አልፈረሰም፣ በየወሩ ፒያሳ እየመጣን እንገናኛለን። አሁን አዲስ ማኅተም ልናስቀርጽ ነው። ግማሹ ሰው «የዶሮ ማነቂያ ነባር ነዋሪዎች እድር» ይባል አለ፣ ግማሹ «የቀድሞ ነዋሪዎች» አለ። አንድ አባታችን ደግሞ «እኔ በቁሜ የቀድሞ አልባልም» ብለው ተቆጡ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝና ቁርጡን ንገሩኝ። አሁን የሌለ ነገር በአማርኛ ምን ይባላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እድራችሁ ባለመበተኑ በጣም ደስ ብሎኛል።

«ነበር» እና «ነባር» ግንዳቸው አንድ ነው። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው፤ ወንበርና መንበርም ከዚያው የመጡ ናቸው። አማርኛ ውስጥ ግን መንገዳቸው ተለያይቷል። «ነባር» ድሮ መጥቶ ዛሬም ያለ ነው። ነባር ሠራተኛ ስንል ዛሬ ጠዋት ቢሮ የገባውን እንጂ ጡረታ የወጣውን አይደለም። ስለዚህ ሰፈሩ ሳይኖር «ነባር ነዋሪ» ማለት አያስኬድም።

«የቀድሞ» ደግሞ ሰው አይገድልም፣ ይህን ለአባታችን ንገሪልኝ። የቀድሞ ባሏ ሲባል ሰውየው አለ፣ ያበቃው ባልነቱ ነው። ለገሃር ያለውን ሕንፃም «የቀድሞው ባቡር ጣቢያ» የምንለው ለዚህ ነው፤ ሕንፃው እንደቆመ ነው፣ የጅቡቲ ባቡር ግን አሁን የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው።

ጨርሶ ለሌለ ነገር አማርኛ አንድ ቃል ብቻ አይሰጥሽም፣ እንደ ነገሩ ይለያያል፤ እኔ ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። ቤት ይፈርሳል፣ ልማድ ይቀራል፣ ቋንቋ ይጠፋል፣ ሰው ያርፋል። ቤታችሁ ፈረሰ ትያለሽ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠራራቱ ግን ቀረ እንጂ ፈረሰ አይባልም። «ነበር» ብቻውንም መጥፋትን አያሳይም። «ትናንት ፒያሳ ነበርኩ» ብትዪ አንቺም ፒያሳም አላችሁ። ለቅሶ ቤት «ለካ ነበር እንዲህ ቅርብ ነው» ሲባል ግን ያው ቃል ሆድ ያባባል።

አሁን ወደ ማኅተሙ። እዚህ ላይ ዋናው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። «የዶሮ ማነቂያ የቀድሞ ነዋሪዎች» ካላችሁ ሰፈሩ አለ፣ እናንተ ለቃችሁ ሄዳችኋል ያሰኛል። «የቀድሞው የዶሮ ማነቂያ ነዋሪዎች እድር» ካላችሁ ግን «የቀድሞው» የሚያርፈው ሰፈሩ ላይ ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። አባታችንም የቀድሞ አልተባሉም ማለት ነው።

«ነባር» የሚለውን ለአባላት መዝገቡ አቆዪው። ወርሃዊ መዋጮ ሲከፍሉ የኖሩና ዛሬም የሚከፍሉ ሁሉ ነባር አባል ናቸው፣ አባታችንን ከላይ ጻፊያቸው።