ታይላንድ በክረምት፦ መቼ ብቻ ሳይሆን ወደ የትኛው ባሕር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እናት ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ታይላንድ ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጋላቸው ክረምት ላይ ብቻ ነው። የጠየቀችው ሰው ሁሉ ግን «ክረምት እዚያም ዝናብ ነው፤ ታኅሣሥ ጠብቁ» ይላታል። ምን ይሻላል?

እህቴ፣ ክረምት ላይ ሂዱ። ፉኬት ወደሚባለው ደሴት ግን አትሂዱ፤ ሳሙይ ወደሚባለው ሂዱ። መልሴ ይኸው ነው። ምክንያቱን ደግሞ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ ብዙ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ይዞ መጥቶ ሆቴል ውስጥ ተዘግቶ ሲመለስ አይቻለሁና።

ባንኮክ ውስጥ በሥራ ምክንያት ለዓመታት ኖሬአለሁ። እያንዳንዱን ወር እዚያው ሆኜ አይቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ ለሕክምና የሚመጡ፣ ለንግድ የሚመጡ፣ ለሽርሽር የሚመጡ ዘመዶችና ወዳጆች ቤቴ ያርፉ ነበር። ሁሉም የሚጠይቀኝ «የትኛው ወር ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። ታይላንድ ላይ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። የትኛው ወር፣ ለየትኛው ቦታ ነው መባል ያለበት።

ካርታውን አውጥተሽ ተመልከቺ። የአገሪቱ ደቡብ እንደ ዝሆን ኩምቢ ረዝሞ የወረደ ቀጭን መሬት ነው። በምዕራብ በኩል የአንዳማን ባሕር አለ። ፉኬት፣ ክራቢ፣ ፒ ፒ፣ ካኦ ላክ፣ ላንታ በዚህ በኩል ናቸው። በምሥራቅ በኩል የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ አለ። ሳሙይ፣ ፓንጋንና ታኦ የሚባሉት ደሴቶች እዚያ ናቸው። ሁለቱን ዳርቻዎች መሐል ላይ ያለው ተራራ ይለያቸዋል። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣል። ዝናቡን በብዛት የሚያራግፈው ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ነው። ሳሙይ ከተራራው ጀርባ ስለሆነች ብዙው ሳይደርስባት ይቀራል። ከኦክቶበር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይገለበጣል። ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣና ባሕረ ሰላጤው ላይ ያለውን እርጥበት ይዞ ሳሙይ ላይ ያወርደዋል። ያን ጊዜ ፉኬት ይጠራል።

ስለዚህ «የታይላንድ ክረምት» ተብሎ በአንድ ቃል የሚነገር ነገር የለም። የእናንተ ልጆች ዕረፍት፣ ማለትም ጁላይና ኦገስት፣ ሳሙይ ላይ ደህና ከሚባሉት ወራት ውስጥ ነው። ሙሉ በሙሉ ደረቅ ነው አልልሽም። ይዘንባል። ብዙ ጊዜ ግን ማታ ወይም ከሰዓት በኋላ ትንሽ ወርዶ ያባራል። በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሳሙይ ላይ በዚያው ወር ከሚዘንበው ከእጥፍ በላይ ነው። እኛ ጃንጥላ ይዘን ሥራ የምንገባ ሰዎች ያንን ዝናብ ልንፈራው አይገባም።

የተገላቢጦሹን ታሪክ ልንገርሽ። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ኖቬምበር ላይ መጣ። ትኬት የሸጠለት ቢሮ «ኖቬምበር የታይላንድ ምርጥ ወቅት ነው» ብሎ ሳሙይ ላይ ሆቴል ያዘለት። ነገሩ ለባንኮክና ለሰሜኑ ክፍል እውነት ነው። ሳሙይ ግን ከዓመቱ ሁሉ ከባዱ ዝናብ የሚወርድባት በዚያ ወር ነው። በአማካይ ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ሲደርሱ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አላባራ አለ። ባሕሩ ቡናማ ሆነ። ማዕበሉ ስለበረታ ጀልባዎቹ ቆሙ፤ ወደ ታኦ ለመሻገር የከፈሉትም እንዲሁ ቀረ። የወንድሜ ልጆች ባሕር ሊያዩ ለወራት ቀን ሲቆጥሩ ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በዚያው ሳምንት ክራቢ ቢሄዱ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

ፉኬትን በክረምት አትሂዱ የምልሽ ዝናቡን ብቻ ፈርቼ አይደለም። ዝናቡንማ ይችሉታል። ባሕሩ ነው የሚያሰጋኝ። በዚያ ወቅት በምዕራቡ ዳርቻ ላይ ማዕበሉ ይበረታል፤ ከሥር ሰውን ጎትቶ ወደ ውስጥ የሚወስድ የውኃ ግፊት አለ። በየዓመቱ የሰው ሕይወት ይቀጥፋል። የባሕር ጠባቂዎች ቀይ ባንዲራ ይተክላሉ። ቀይ ባንዲራ ካለ መዋኘት የለም፤ እግር መንከርም ቢሆን ለልጅ አደጋ ነው። ሐይቅና የሆቴል ገንዳ ብቻ ለሚያውቁ የአዲስ አበባ ልጆች ይህን ደጋግሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ልጆቹ ውኃውን እያዩ እንዳይገቡ መከልከል ደግሞ ዕረፍት አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። በፎቶ አይታችሁ የጓጓችሁላቸው አንዳንድ ቦታዎች በዚያ ወቅት ይዘጋሉ። የሲሚላን ደሴቶች ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። በፊልም ምክንያት ዓለም ያወቃት የፒ ፒ የባሕር ዳርቻ፣ ማያ ቤይም እንዲሁ። በጎብኚ ብዛት ኮራሏ ስለተጎዳ በ2018 ተዘግታ ነበር፤ በ2022 ስትከፈት በየዓመቱ ኦገስትና ሴፕቴምበር እንድታርፍ ተወሰነ። ይህን ሳይነግሩ የጀልባ ጉዞ የሚሸጡ አሉ። ጀልባው ከሩቅ አሳይቶሽ ይመለሳል።

ሳሙይ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ባሕሩ በዚያ ወቅት ረጋ ያለ ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ይውላሉ። አንድ ቀን አንግ ቶንግ ወደሚባለው የባሕር ፓርክ ሂዱ። 42 ደሴቶች ተሰባስበው የሚገኙበት ቦታ ነው፤ ከሳሙይ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ባለቤትሽ ጠልቆ መዋኘት የሚወድ ከሆነ ታኦ ድረስ ይሂድ፤ በእነዚህ ወራት ውኃው ጥርት ይላል። ፓንጋን ላይ ግን ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ። በዚያ ሌሊት የባሕሩ ዳርቻ ላይ ትልቅ ጭፈራ አለ። የአልጋ ዋጋ ይንራል፣ ጀልባው ይጨናነቃል። ከልጆች ጋር አይሆንም።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር አስተውይ። «ክረምት ርካሽ ነው» ሲባል ትሰሚያለሽ። ባንኮክና ፉኬት ላይ እውነት ነው፤ ጥሩ ሆቴል እስከ ግማሽ ዋጋ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ሳሙይ ላይ ግን በጁላይና በኦገስት አይወርድም። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችም የሚዘጉት ያኔ ነውና ደሴቷ ትሞላለች። ስለዚህ ሆቴሉን ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ያዙ። ወደ ሳሙይ በቀጥታ የሚበረው አውሮፕላን ውድ ነው። ለአራት ሰው ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። ከባንኮክ ማታ በባቡር ተሳፍራችሁ ጠዋት ሱራት ታኒ መድረስ ትችላላችሁ። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ዶንሳክ ወደብ፣ ከወደቡ በትልቅ ጀልባ ወደ ደሴቷ። የሚተኛበት ባቡር ለልጆች ራሱን የቻለ ደስታ ነው።

ባንኮክ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃችኋል። ዝናቡ እዚያ አመል አለው። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ላይ ይጠቁራል፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል መዓት ያወርዳል። ቀናችሁን በዚህ ልክ አውጡት። ቤተ መንግሥቱንና ቤተ መቅደሶቹን ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ሂዱ። ሲጠቁር የገበያ አዳራሽ ወይም የዓሣ ማሳያው ውስጥ ሁኑ። በዝናብ ሰዓት ታክሲ አትያዙ፤ መንገዱ ይቆማል። ከላይ የሚሄደው ባቡር ይሻላል። ጫማችሁ ውኃ የማይፈራ ይሁን። ሴፕቴምበር ባንኮክ ላይ ከሁሉም የባሰ የሚዘንብበት ወር ስለሆነ ጳጉሜን ሳትጠብቁ ብትመለሱ ጥሩ ነው።

ስለ ትንኝ ደግሞ እንደ እናት ልናገር። ደንጊ የሚባለው ትኩሳት በዝናብ ወቅት ይበዛል። ትንኙ ቀን ቀን ነው የሚነድፈው። የሚቀባውን መከላከያ ከቁርስ ጀምሮ ልጆቹን ቅቢያቸው። ይህን ቸል ብለው ዕረፍታቸውን ሆስፒታል ያሳለፉ አውቃለሁ።

ደስ የሚለው የክረምቱ ነገር ፍራፍሬው ነው። ራምቡታን፣ ማንጎስቲን፣ ሎንጋን በየመንገዱ ተከምሮ ይሸጣል። ታኅሣሥ የሄደ ሰው ማንጎስቲንን እንዲህ በርካሽ አያገኘውም። ዱሪያንም ጊዜው ነው፤ ሽታው ከባድ ስለሆነ ሆቴል አያስገቡትም፤ እዚያው ሻጩ ጋ ቆማችሁ ቅመሱት።

ጿሚ ከሆናችሁና ጉዟችሁ ነሐሴ ላይ ከዋለ ፍልሰታ መሐል ይገባል። ብዙ ሰው «አትክልት ብቻ» ብሎ ያዝዝና የዓሣ መረቅ ያለበት ይቀርብለታል። የታይ ማእድ ቤት ያለ ዓሣ መረቅ አይሠራም ማለት ይቻላል። እናንተ «ጄ» በሉ። ጄ ማለት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት ምግብ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ተጽፎ የተሰቀለበት ቤት ከገባችሁ ሳትሳቀቁ ትበላላችሁ። የቡድሃ መነኮሳትም በዚያ ወቅት ሱባኤ ላይ ናቸው፤ ከጁላይ ጀምሮ ለሦስት ወር ከገዳማቸው ርቀው አያድሩም። ያንን ሳይ ፍልሰታን አገሬ ሆኜ የምጾም ይመስለኝ ነበር።

የሰሜኗን ከተማ ቺያንግ ማይን በተመለከተ፣ ከሁለት ሳምንት በታች ከሆነ የምትቆዩት ይቅርባችሁ። በነሐሴ ሩዙ አረንጓዴ ነው፤ ፏፏቴዎቹ ይሞላሉ፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ከፍ ያለ ተራራ ብለው የሚያሳዩዋችሁ ዶይ ኢንታኖን 2565 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ይበልጠዋል። ለእኛ ሰው ባሕሩ ነው ብርቁ።

ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ የልጅ ትምህርት የማይዛችሁ፣ ለእናንተ ከገና በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ያለጥርጥር ይመረጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባንኮክ ቀለል ይላል፤ ሰሜኑ ማታ ማታ ይበርዳል፤ ፉኬትና ክራቢ ሰማያቸው ጥርት ነው። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ግን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ከጥምቀት በኋላ ሂዱ፤ የቻይና አዲስ ዓመት የሚውልበትን ሳምንት ብቻ ዝለሉት።

አንድ ወቅት አለ፤ ማንም እንዲሄድበት የማልመክረው። መጋቢትና ሚያዝያ። ባንኮክ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ወበቁ ተጨምሮበት ለደጋ ሰው አይቻልም። ሰሜኑ የባሰ ነው። ገበሬው ማሳውን ያቃጥላል፣ ጫካውም ይነዳል፤ ጭሱ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ቺያንግ ማይ በእነዚያ ሳምንታት በአየር ብክለት ከዓለም ከተሞች ግንባር ቀደም የምትሆንበት ቀን ብዙ ነው። አስም ያለበት ሰው ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ከሚያዝያ 5 እስከ 7 የሚከበረው የውኃ በዓላቸው ሶንግክራን እጅግ ደስ ይላል፤ አገሩ ሁሉ ውኃ ይራጫል። ወጣት ከሆናችሁ ለእሱ ብላችሁ ሙቀቱን ቻሉት። ሕፃን ወይም አዛውንት ከያዛችሁ አይሆንም።

ወደ አንቺ ልመለስ። እኔ ብሆን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከቦሌ እነሣለሁ። ቀጥታ በረራ ስላለ ልጆቹ አይንገላቱም። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ ዐሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። የመግቢያ ቅጹን በኢንተርኔት ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ትሞላላችሁ። የቪዛውን ነገር ኤምባሲውን ጠይቁ፤ ደንቡ ይለዋወጣል።

ስትደርሱ ባንኮክ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ከዚያ ሳሙይ ሰባት ወይም ስምንት። የመጨረሻዋን ሌሊት ግን ደሴት ላይ አትደሩ። ባሕሩ ድንገት ቢነሣና ጀልባው ቢዘገይ አውሮፕላኑ ያመልጣችኋል። ከበረራው አንድ ቀን ቀድማችሁ ባንኮክ ግቡ። ቀኑን ስትቆርጡ እዚህ ጻፊልኝ፤ የሆቴሉን ሰፈር አብረን እናያለን።