ያረጀችው ድመታችን ውሃ አበዛች

ጥያቄ፦ እናቴ ያሳደገቻት ድመታችን 14 ዓመት ሞልቷታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ የራሷን ውሃ ጨርሳ ከባልዲው ሁሉ ትጠጣለች፤ አጥብቃ እየበላችም ትከሳለች። ሶፋው ላይ መዝለል ትታለች፣ ከአሸዋዋ ውጭም ትሸናለች። እናቴ «እርጅና ነው፣ ተያት» ትለኛለች። አሟት ከሆነ ሩብ ፍሬ ፓራሲታሞል ብሰጣትስ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ፓራሲታሞሉን በምንም ዓይነት አይስጧት። ድመት ይህን መድኃኒት ከሰውነቷ የምታስወግድበት ኢንዛይም በበቂ መጠን ስለሌላት፣ ለሰው ራስ ምታት የማይበቃው መጠን እንኳ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ ሊገድላት ይችላል።

እናትዎ ስለ ዕድሜዋ ልክ ናቸው፤ ውሃ ማብዛቷንና መክሳቷን አንድ ላይ ሳየው ግን ሕመም እጠረጥራለሁ። ባረጁ ድመቶች ላይ በብዛት የሚታየው የኩላሊት መድከም ነው፤ ኩላሊቱ ውሃውን መልሶ ማስቀረት ሲያቅተው ብዙ ትሸናለች፣ የወጣውንም ለመተካት ትጠጣለች። ስለዚህ ቤቱን አራሰችብን ብላችሁ ውሃ እንዳትከለክሏት። አጥብቃ እየበላች መክሳቷ ደግሞ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራትን ወይም የስኳር በሽታን ያስጠረጥራል። እነዚህን መለየት የሚቻለው በደምና በሽንት ምርመራ ስለሆነ፣ ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም ላቦራቶሪ ወዳለው የቅርብ ክሊኒክ ይውሰዷት።

መዝለል መተዋ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመም ምልክት ነው። የአሸዋው ሳፋ ጠርዙ ከፍ ያለ ከሆነ እግሯን አንስታ መግባቱ ስለሚያማት አጠገቡ ልትሸና ትችላለችና፣ አንዱን ጎን ቆርጠው ዝቅ ያድርጉላት፤ ከሶፋው ሥርም በርጩማ ያስቀምጡላት። በክረምት ካርቶን ውስጥ የታጠፈ አሮጌ ጋቢ ቢያነጥፉላት ደስ ይላታል። ጥፍሯንም ይመልከቱ፤ ጣቷን በቀስታ ሲጫኑት ጥፍሩ ብቅ ይላል፣ ያረጀች ድመት እንደ ድሮው ስለማትቧጭርም ጥፍሩ ዞሮ መዳፏን ሊወጋ ይችላል።

ከወጥ የተረፈ ፍትፍት አይስጧት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ከሉካንዳ የሚመጣው ሳንባም ብቻውን የተሟላ ምግብ አይሆናትም። የኩላሊቷ ውጤት እስኪታወቅ ግን ምግቧን በድንገት አይለውጡባት፤ ጭራሽ እንቢ ብላ አንድ ቀን ካለፋት ጉበቷ በስብ ሊጎዳ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩ።

እስከዚያው በዘንቢል አድርገው በየሳምንቱ ይመዝኗት። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 400 ግራም ቀነሰች ማለት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንደ መቀነሱ ነው። ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፈው ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።