የጥብስ ቅጠሌን ማን በላው?

ሰላም ልጆች፣

ዕፅዋት ጥበቃ ስለምትማሩ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። ስንት ዓመት የሰው ማሳ ስመረምር ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ለንደን በገዛ ጓሮዬ ተሸወድኩ።

ለጥብስ ብዬ የተከልኳት ሮዝመሪ የካቲት ላይ ጫፍ ጫፏ ገረጣ። «ብርድ መቷት ነው» አልኩ። ለጎረቤቴም እንዲሁ አስረዳሁ፤ ባለሙያ አይደለሁ! ሙቀቱ ሲመጣ ቅጠሏ መሃል አንዲት ጥንዚዛ አገኘሁ። ርዝመቷ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጀርባዋ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር እየተፈራረቀ እንደ ብረት ያብለጨልጫል። ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስኩባት። ንቅንቅ አትልም፣ አትበላም። በነጻ አሰናበትኳት።

ለካ የሮዝመሪ ጥንዚዛ ሙቀቱን አርፋ ነው የምታሳልፈው። መብላትና እንቁላል መጣል የምትጀምረው በኦገስት መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ የሚፈለፈሉት እጮች ግራጫማ ናቸው፤ ጠቆር ያለ መስመር አላቸው። እኛ ሹራብ ደርበን ቤት ስንከተት እነሱ ቅጠሉን ሲግጡ ይከርማሉ። ብርዱ ሲያልፍ አፈር ውስጥ ገብተው ጥንዚዛ ሆነው ይወጣሉ። እኔ ታዲያ የመረመርኳት እሷ በምታርፍበት ሰዓት ነው።

ምግቧ የናና ቤተሰብ ነው፦ ሮዝመሪ፣ ላቬንደር፣ ሴጅ፣ ጦስኝ። የኛ በሶብላና ዳማከሴም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ጤና አዳም ግን አይደለም፤ በማሽተት ብቻ አትፍረዱ። የናናን ለጋ ግንድ በጣታችሁ አሽከርክሩት፣ አራት ማዕዘኑ ይሰማችኋል።

በስምም አትመኑ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለጥንዚዛዋ ስም ሲያወጣላት «አሜሪካና» አላት። አገሯ ግን የሜዲትራኒያን ዙሪያ ነው። ብሪታንያም ተደላድላ የተቀመጠችው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው።

መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩሉ። ላቬንደርና ሮዝመሪ ሲያብቡ ንብ ይወራቸዋል። ደግሞስ ጥብስ ላይ የምትጨምሩትን ቅጠል ማን መርዝ ይረጨዋል? ጋዜጣ ከሥር አንጥፎ ቅርንጫፉን መነቅነቅ ለአንድ ጓሮ ይበቃል።

ባለፈው ቅዳሜ እንደዚያው ሳደርግ 11 እጭ ጋዜጣው ላይ ረገፈ። ተንበርክኬ ስቆጥር ጎረቤቴ በአጥሩ አሻግራ አየችኝና፣ «ብርዱ ነው አላልክም ነበር?» አለችኝ።