ፕሪንትኤፍ ሲወጣ የሚደርቀው ኮድ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ከአዲስ አበባ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ኮዴ ውስጥ ፕሪንትኤፍ ስጨምር ይሠራል። ሳወጣው ይደርቃል። ማስረከቢያው ደርሷል፤ እንዲሁ ብተወውስ?» ፕሪንትኤፍ ማለት ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ በጽሑፍ እንዲነግረን የምናስገባው የሲ ትእዛዝ ነው።

ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ትቼዋለሁ።

ጊዜው 2010 እ.ኤ.አ. ነው። ደቡብ ጀርመን ውስጥ የማሞቂያ ውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ እንሠራ ነበር። ቺፑ ኮርቴክስ ኤም3፣ ፍጥነቱ 72 ሜጋኸርትዝ። ዋናውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኢንተራፕቱን ክፍል፣ ማለትም ዋናውን ፕሮግራም ለአፍታ አቋርጦ የሚገባውን ኮድ፣ የጻፈው ሥራ ከጀመረ ስድስት ወር ያልሞላው ዝምተኛ ልጅ ነበር። መቆጣጠሪያው በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይደርቃል። ዋችዶጉ፣ የደረቀ ፕሮግራም የሚጠብቀው ሰዓት ቆጣሪ፣ ያስነሳዋል። ሲነሳ ደግሞ የመነሻው ኮድ ሜሞሪውን ጠርጎት ስለሚጠብቀን የሚታይ ነገር አይተርፍም።

ብሬክፖይንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት፣ አደረግሁ። ፕሮግራሙን አቁሜ ሳየው ሁሉም ነገር ደህና ነው። ፕሪንትኤፍ ጨመርኩ። በሽታው ጠፋ! 11 ቀን ያለ እንከን ሠራ።

ይህን ሳስብ አጎቴ ትዝ ይለኛል። መርካቶ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። አንዳንዱ ሬዲዮ የቴስተሩ ጫፍ ሲነካው ብቻ ይዘፍናል። አጎቴ «ይኼ እጅ የለመደ ነው» ብሎ ይስቅና ለባለቤቱ መልሶ አይሰጠውም ነበር። አንድ ሳምንትም ቢሆን ያሳድረዋል። እኔ የአጎቴን ያህል እንኳ አልታገሥኩም።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃችን «ምን ነበር?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የማላውቀውን «አላውቅም» ማለት ሲገባኝ፣ «ኢንተራፕቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ አሁን ግን ተረጋግቷል» አልኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ። ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። «ቦርዱ ላይ የትሬስ ማገናኛ አለ። መቅረጫውን ለሁለት ቀን ብንከራይ ያሳየናል» አለኝ። ትሬስ ማለት ፕሮግራሙ የሄደበት መንገድ መዝገብ ነው። ውድ ነው አልኩት። ሥራችን አልቋል አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የፈራሁት የሚያሳየውን ነው።

እዚህ ላይ ፕሪንትኤፉ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። በ115200 ቦድ የመላኪያ ፍጥነት አንድ ፊደል ለመላክ 87 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 40 ፊደል ማለት 3.5 ሚሊሰከንድ ነው። ለእኛ ምንም አይደለም። ለዚያ ቺፕ ግን 250 ሺህ የሰዓት ምት ነው። በሽታውን አላዳነውም። ኢንተራፕቱ ኮዱ ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ቀየረው እንጂ።

የጀርመን ብርድ ገባ። አንድ ሌላ ባልደረባ ፕሪንትኤፉን «አላስፈላጊ» ብሎ አወጣው፤ አልፈርድበትም። ሰዎች ቤት ውስጥ ማሞቂያ መቆም ጀመረ። ያኔ መቅረጫውን ተከራየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ እዚያው ቺፕ ውስጥ፣ ኢቲኤም የሚባል ትንሽ ሰርኪት አለ። እያንዳንዱን ትእዛዝ አይመዘግብም። መንገዱን የምታውቁት ከሆነ፣ ከመንገደኛው የሚያስፈልጋችሁ በየመስቀለኛው «ታጠፍኩ፣ አልታጠፍኩም» ማለቱ ብቻ ነው። ቀሪውን ኮምፒዩተራችሁ ከፕሮግራሙ ፋይል ላይ ይሞላዋል። ለዚህ ነው አራት የዳታ እግርና አንድ የሰዓት እግር የሚበቁት። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ አይዘገይም፣ መታየቱንም አያውቅም። መቅረጫው አሮጌውን እየሰረዘ አዲሱን ይይዛል። ዳግም ሲነሳ ቅጂው እንዲቆም አዘዝነው።

በማግስቱ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ነበር። አንድ ፍላግ ላይ፣ ማለትም ሁለታችንም ምልክት የምናስቀምጥበት ቁጥር ላይ፣ አንድ ቢት የምጨምርበት መስመር አለችኝ። በሲ አንድ መስመር ናት። ለፕሮሰሰሩ ግን ሦስት ሥራ ነው፤ ያነባል፣ ይጨምራል፣ መልሶ ይጽፋል። ኢንተራፕቱ በማንበቡና በመጻፉ መካከል ገባ። የራሱን ቢት በትክክል አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ የእኔ መስመር አሮጌውን ቅጂ ላዩ ላይ ጻፈችበት። ዋናው ፕሮግራም የጠፋውን ቢት እየጠበቀ ቀረ። የልጁ ኮድ ንጹሕ ነበር። ኢንተራፕቱን ለአፍታ ዘግቶ መክፈት ብቻ ነው የጎደለው፤ ሁለት መስመር።

ልጁ ግን በመስከረም ለቆ ነበር። ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። ለልጁ አልጻፍኩለትም። አድራሻው ነበረኝ።

የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም። ስህተቱን ለቻትቦት ትለጥፋላችሁ፣ የሰጣችሁን ትገለብጣላችሁ። ቻትቦቱ ኮዳችሁን ያነባል እንጂ ትናንት ማታ ቦርዳችሁ ላይ የሆነውን አላየም። ግን ምን አፍ አለኝ? እኔም በራሴ እጅ ገለባበጥኩት እንጂ መቼ አየሁ።

ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ደግሞ ይህ የቦርድ ሰዎች ጣጣ አይምሰላችሁ። ኢንቴል ብሮድዌል ከሚባለው የፕሮሰሰር ትውልድ ወዲህ ፕሮሰሰር ትሬስ የሚባል ተመሳሳይ ነገር ያስገባል፤ ሊኑክስ ላይ ፐርፍ በሚባለው መሣሪያ ይከፈታል። ከአንድ ኮር ብቻ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊያወጣ ስለሚችል፣ ሁሉንም ልያዝ አትበሉ። ችግሩ ሲደርስ የመጨረሻውን ቁራጭ ያዙ።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ቦርዷ ብሉ ፒል የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው። በዚያ ትንሽ ቺፕ ላይ አራቱ የትሬስ እግሮች አልወጡም። ኤስደብልዩኦ የሚባለው ባለ አንድ ሽቦ የትሬስ መውጫ ግን ፒቢ3 በሚባለው እግር ላይ አለ። ቺፑን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘው ርካሹ ዲበገር አብዛኛውን ጊዜ ይህን እግር ስለማያገናኘው አንድ ሽቦ መበየድ ይኖርባታል። ከዚያ ኢንተራፕት ሲገባና ሲወጣ ከነሰዓቱ ታያለች። ፕሪንትኤፍ ካማራትም በአይቲኤም፣ በቺፑ ውስጥ ባለው የጽሑፍ መላኪያ፣ በዚሁ ሽቦ ትላከው፤ አራት ፊደል በአንድ ጽሕፈት ይሄዳል። መውጫው ከሞላ ግን ወይ ትጠብቃለች ወይ ይጠፋባታል። ፕሪንትኤፍን ጨርሶ ተዉ አልልም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ተጠቅሜበታለሁ።

ይህን ሁሉ ጻፍኩላት። ትናንት መለሰች። «ጋሼ፣ መበየጃው ላብ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፍ ያዡ ረቡዕ ነው የሚገባው። ማስረከቢያው ማክሰኞ ነው።»

መምህሯን አንድ ቀን እንድትለምን ነገርኳት። እምቢ ካለ ፕሪንትኤፉን ሳታወጣ ታስረክብ፤ ከላዩ ላይ ግን «ለምን እንደሚሠራ አላውቅም» ብላ ትጻፍበት።